ልጄን ልሰልል ሄጄ ከነአሳዬ ተያዝኩ

ነገሩን የጀመረችው መሥሪያ ቤት ከጎኔ የምትቀመጥ ሴትዮ ናት። ሻይዋን እያማሰለች "አንቺ፣ ልጅሽ ስናፕቻት አላት?" አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። "እዚያ ላይ የሚላላኩት ሁሉ ታይቶ ሲያበቃ ብን ብሎ ይጠፋል እኮ!" አለችና ሻይዋን ጠጣች። እሷ ጠጣች፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። እኛ ደብዳቤ ፍራሽ ሥር ደብቀን፣ ተይዘን፣ ተገርፈን ነው ያደግነው። የዛሬ ልጆች ማስረጃ እንኳን አያስቀሩም!

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልኳ ላይ ትስቃለች። ምን ያስቅሻል ስላት "ምንም" ትላለች። ምንም እንዲህ የሚያስቅ ከሆነ እኔም ትንሽ በደረሰኝ።

በኋላ ሳጣራ አፑ የተሠራው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ታየ የተባለውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱም ማንም ሳይጠራቸው መጡ፣ ሁለቱንም እስከ ዛሬ ነቅሎ የጨረሳቸው የለም።

አንድ ቀን ሻወር ስትገባ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው ሄደች። የስልኳን ኮድ ታናሽ ወንድሟ በአንድ ብስኩት ሸጠልኝ (ይሄ ልጅ ወደፊት ያሳስበኛል)። ከፈትኩት። አንድ ስም ጎን ቀይ አራት ማዕዘን አለ፣ ነካሁት። የሆነ ፎቶ መጣ፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለው። መነጽሬን አላደረግኩም። ስልኩን ባርቀው፣ ባቀርበው፣ ዓይኔን ባጨናብስ አይነበብም። መነጽሬን ፍለጋ ጠረጴዛ ላይ፣ ሶፋ ሥር፣ ኩሽና ድረስ ሄድኩ። ለካ አናቴ ላይ ነው። አድርጌው ስመለስ ፎቶው የለም።

ያየሁትን ግን አልረሳውም። የአንዲት ልጅ ግማሽ ግንባርና የቤት ጣሪያ ነበር። በቃ። ለዚህ ነው ስልክ በኮድ የሚቆለፈው?

ሁለተኛ ቀይ ሲመጣ ብልጥ ሆንኩ። ቶሎ ስክሪንሾት አነሳሁት። ይሄም ግንባር ነው፣ የዚያችው ልጅ፣ ሌላኛው ግማሽ። አሁን ማስረጃ ያዝኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ግንባሯ እየደወለች። ስናፕቻት ላይ ስክሪንሾት ሲነሳ ለላኪው ወዲያው ይነገረዋል። ማን ያውቃል ይሄን? የግንባሩ ባለቤት ደግሞ የባሌ እህት ልጅ ሆና ተገኘች። ዳንግላ ከአማቴ ጋር ነው የምትኖረው። ከልጄ ጋር 143 ቀን ሳያቋርጡ በየቀኑ ፎቶ ተላልከዋል። ስትሪክ ይባላል፣ ከቁጥሩ ጎን እሳት ይነድዳል፣ አንድ ቀን ከተዘለለ ይጠፋል። እሳቱ እንዳይጠፋ ነው እንግዲህ ግንባር የሚላከው። በእኛ ጊዜ እሳት እንዳይጠፋ ፍሙን አመድ አልብሰን ነበር የምናድር።

ልጄ ከሻወር ወጥታ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

እኔ መች ተማርኩ! አፑን ራሴ ስልክ ላይ ጫንኩ። የውሸት ስም አወጣሁ፤ "የጣና ፈርጥ"። የራስሽን ካርቱን ሥሪ ይላል፣ ሠራሁ። ዕድሜዬን ግማሽ አደረስኩት፣ ወገቤን አቀጠንኩት፣ መነጽሬን ብቻ መተው አልቻልኩም። ከዚያ ለልጄ የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁ። ደቂቃ ሳይሞላ ተቀበለችኝ። እንዴት ያለች ሞኝ ናት፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ትቀበላለች ማለት ነው ብዬ አዘንኩላት። የተመዘገብኩት በራሴ ስልክ ቁጥር መሆኑን፣ ያ ቁጥር እሷ ስልክ ላይ "እማ" ተብሎ መቀመጡን አላሰብኩበትም።

አፑ ካርታ አለው። ጓደኞችሽ የት እንዳሉ ያሳያል። ከፈትኩት፣ ቦታሽን ፍቀጂ አለኝ፣ ፈቀድኩ። ለማን ይታይ ሲለኝ "ለጓደኞቼ" የሚለውን ነካሁ። እዚያ ላይ ያለኝ ጓደኛ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ነው፣ ሁዳዴ። ልጅት "ጓደኛዬ ቤት ላጠና ነው" ብላ ወጣች። ካርታው ላይ የለችም። ራስን መደበቂያ አለው፤ ጎስት ሞድ ይሉታል፣ ሌላውን እያዩ ራስ አለመታየት ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ፎቶ ለጠፈች። ከኋላዋ ሐይቅ፣ ፔሊካኖች፣ ከጎን ትልቅ ዋርካ። ጥናት አሉኝ! ነጠላዬን አጣፍቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ዘንባባዎቹ ሥር ወርጄ በእግሬ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ ዳር ዳሩን ሄድኩ።

አየኋቸው። አራት ሴቶች ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? ደብተር። የፊዚክስ መጽሐፍ። እንዴት እንደተናደድኩ! ያን ያህል መንገድ የሄድኩት ፊዚክስ ልይዝ ነው?

ዋርካው ኋላ ያለ ወንበር ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቁጭ አልኩ። አስተናጋጁ መጣ። "ምን ልታዘዝ እናቴ?" ሻይ አልኩት። ሻዩ አለቀ፣ ተመልሶ ከአናቴ ላይ ቆመ። ከኩሽናው ደግሞ አሳ ሲጠበስ ይጮሃል፣ ሽታው በንፋስ እየመጣ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባሕር ዳር ውስጥ አሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም። እኔ ከማይበላው ወገን ነኝ፣ ያውም ግንባር ቀደም። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ልጄ "እማ፣ ጎረቤት ሁሉ ይበላል እኮ" ስትለኝ "አሳ ደም የለውም? ነፍስ የለውም?" እያልኩ ሽሮ ነው ያበላኋት። 

እና አንድ ቆሮሶ አሳ አዘዝኩ። ለመደበቂያ ነው፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ያስጠረጥራል። ሙሉውን ጠብሰው፣ ጎኑን ሰንጥቀው፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር አመጡልኝ። ቆዳው ኩርሽም ይላል። ጅራቱን ጨርሼ ወደ ራሱ ዞርኩ። አሳ የሚበላ ሰው ያውቀዋል፤ የጉንጩን ሥጋ ለማውጣት ሁለት እጅና ሙሉ ትኩረት ይጠይቃል። ስለላውን ፈጽሞ ረሳሁት።

ስልኬ ጢን አለ። በክርኔ ከፈትኩት። "እማ፣ ካርቱንሽ ዋርካው ሥር ቁጭ ብሏል። ጾም እንዴት ነው?"

ቀና ስል አራቱም ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። የአሳው ራስ በሁለት እጄ ነው፣ እሾህ ከንፈሬ ላይ ተጣብቋል፣ ነጠላዬ ዳጣ ነክቷል።

ተያይዘን በባጃጅ ስንመለስ ልጄ እንባዋ እስኪፈስ ከሳቀች በኋላ አስረዳችኝ። ለካ ለወላጅ የተሠራ መንገድ እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ አለ። ፋሚሊ ሴንተር ይባላል፤ እሷ ከተስማማች ባለፉት 7 ቀናት ከማን ጋር እንደተጻጻፈች አያለሁ፣ ምን እንደተጻጻፉ ግን አላይም። "ብትጠይቂኝ እኮ እሺ እልሽ ነበር" አለችኝ። ምን እመልሳለሁ፣ እጄ ገና አሳ አሳ ይሸታል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ከአራቱ አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ፎቶዬን "የጾም ምሳ" ብላ ስቶሪዋ ላይ ለጥፋዋለች። ስቶሪ ደግሞ እንደሌላው በሰኮንድ አይጠፋም፣ 24 ሰዓት ይቆያል። አጥፊው በያት አልኳት ለልጄ። ደወለችላት። ልጅቷ በጣም አዝናለች፣ ልታጠፋውም ፈልጋለች፣ ግን ፓኬጇ አልቋል።

የተለጠፈው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቆጠርኩ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ቡና ላይ ጎረቤቴ ስኒውን እያቀበለችኝ "አሳው በሎሚ ነው በዳጣ?" አለች። በሁለቱም አልኳት፣ ምን ይደበቃል። 8 ሰዓት አለፈ፣ 9 ሰዓት ሆነ። ልተርፍ ነው ስል ስልኬ ጮኸ፤ ዳንግላ።

አማቴ ናቸው። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ተባባልን። እሳቸው ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። ከዚያ ከኋላቸው የሚንከተከት ሳቅ ሰማሁ፤ ግንባሯ ናት።

"ይሄ ጾም እንዴት ይዞሻል፣ ልጄ?" አሉኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ሊጠፋ 20 ደቂቃ ቀርቶት ነበር።