ያልጠረግኩት ጣውላ

በብርዱ ወራት የምሠራው ኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ አንድ የስኪ (በረዶ ላይ የመንሸራተት) መዝናኛ ውስጥ ነው። ከዴንቨር ከተማ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ተነድቶ፣ የአይዘንሃወር ዋሻ ታልፎ ነው የሚደረሰው። ዋሻው ራሱ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቀን ቀን ሊፍት ላይ፣ ተንሸራታቾችን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው በሚያወጣው ወንበር ላይ፣ ሰው አሳፍራለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌላ ሥራ አለችኝ። ሌሊቱን የወረደውን በረዶ እለካለሁ።

አለካኩ ቀላል ነው። ዛፍ ከነፋስ የከለለው ሜዳ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ተነጥፏል። ጣውላው ላይ በኢንች የተከፋፈለ ዘንግ ቆሟል። ዘንጉን አንብበህ ቁጥሩን ትመዘግባለህ። ከዚያ ጣውላውን ጠርገህ በረዶው አናት ላይ መልሰህ ታስቀምጠዋለህ፣ የነገው ከዜሮ እንዲጀምር።

እኛ አገር በረዶ ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንኳኳው ነው። እኔም ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቼ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን በረዶ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የኮሎራዶ አዲስ በረዶ ደረቅ ነው፣ ባዘቶ ይመስላል፣ ብትጨብጠው አይያያዝም። ፀሐይ ሲነካው ቅርፊት ያወጣል። በኅዳር የወረደው ስስ በረዶ ደግሞ ብርዱ ሲበረታበት ከሥር እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ነፋስ ያመጣው ሌላ ነው። ነፋስ የተራራውን አንድ ጎን ጠርጎ ሌላው ጎን ላይ ይከምረዋል፤ ከሰማይ ከሚወርደው 10 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ሊከምረው ይችላል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ቀስ በቀስ ነው። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን አንድ ዓርብ ነው።

በዋዜማው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ 5 ኢንች ነበር። መዝግቤ ጣውላውን ልጠርግ ስል ሬዲዮው ጠራኝ። የሊፍቱ መሳፈሪያ በበረዶ ተሞልቷል፣ አካፋ ይዘህ ቶሎ ድረስ ተባልኩ። ሮጥኩ። ተመልሼ አልመጣሁም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጣች። ማታ ደመናው ተመለሰና ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ዘንጉ 10 ኢንች አሳየኝ። 25 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ደስ አለኝ፣ ወዲያው አስተላለፍኩት። ለ12 ሩብ ጉዳይ ሪፖርቱ ለሕዝብ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የስኪ ፓትሮል፣ የተራራውን ደኅንነት የሚጠብቁት ሰዎች፣ ኃላፊዋ በሬዲዮ ጠራችኝ። ተራራው ላይ ሌላ ዘንግ አለ።

«የላይኛው 7 ነው የሚለው፣ ያንተ እንዴት 10 ሆነ?»

ከፍ በተባለ ቁጥር በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዝም አልኩ።

«ትናንት ጠርገኸዋል?»

ክው አልኩ።

ወደ ጣውላው ተመለስኩ። በረዶውን በስስ ብረት እንደ ኬክ ቆርጬ ጎኑን በባትሪ አየሁት። ከላይ 6 ኢንች ባዘቶ። ከሥሩ አንዲት መስመር። ቀጭን ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ በጣት ሲነኳት እንደ ብርጭቆ ቀጭ ትላለች። የሐሙሷ ፀሐይ አቅልጣው ማታ መልሶ የረጋ ቅርፊት ነው። ከእሷ በታች የሐሙሱ 5 ኢንች በራሱ ክብደት ተጫጭኖ 4 ሆኗል። የሁለት ቀን በረዶ የአንድ ሌሊት ብዬ ነበር የላክሁት።

«6 ነው። ትናንት አልጠረግኩትም» አልኳት።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ መስመሯ ነው። ጠንካራ ናት? ለስላሳ ናት? የላይኛው በረዶ ይዟታል ወይስ ለቋታል? የላይኛውን በአካፋ ገፋ አደረግኩት። እንዳለ ሸርተት ብሎ ወረደ። ያየሁትን ነገርኳት። ፀሐይ የሚመታውን የደቡብ ምሥራቁን ተዳፋት እንዳትከፍቱ ብላ ሰዎቿን ስታዝዝ በሬዲዮ ሰማሁ።

ሪፖርቱ ተስተካከለ። ሰው ግን መንገድ ጀምሯል። ከዴንቨር መንገደኛ የሚያመላልሱ አንድ የአገሬ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቫናቸውን አቁመው ሊፍቱ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ 10 ኢንች ብላችሁ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ነው የተነሳሁት። መንገደኞቼ አንገቴ ላይ ቆሙ።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። «አይዞህ። ግን እኛ እኮ ያቺን ቁጥር አምነን ነው ዳገቱን የምንወጣው። ጎማው ላይ የበረዶ ሰንሰለት ልግጠም አልግጠም የምለው እሷን አይቼ ነው።»

ይህ ንግግራቸው ከየትኛውም የአለቃ ግሣጼ በላይ ገባኝ። እኔ ቁጥር ነበር የምልክ የሚመስለኝ። ለካ ቁጥሯን ይዞ ሌሊት ልጆቹን የሚያለብስ፣ መኪና የሚያሞቅ፣ ጎማ የሚቀይር ሰው አለ። አሁን ቁጥር በምልክበት ጊዜ ጣውላው መቼ እንደተጠረገ፣ ማን እንደጠረገው፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አብሬ እጽፋለሁ። ከጠረግኩ በኋላ ባዶውን ጣውላ ፎቶ አነሳዋለሁ። ሬዲዮ ቢጠራኝም «ሁለት ደቂቃ» እላለሁ።

ወደ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፓትሮሎቹ በረዶውን ሰው በሌለበት አስቀድመው ለመናድ የተዘጋው ተዳፋት ላይ ፈንጂ ወረወሩ። የበረዶ ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባጋደለ ቦታ ነው፣ ይህም ከዚያው ነው። ድምፁ ሸለቆውን አናወጠው። ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ በሊፍት ይዛኝ ወጣችና በጣቷ አሳየችኝ። ሌሊቱን ነፋስ የከመረው በረዶ ከዳር እስከ ዳር በቢላ የተቆረጠ ይመስል ተገምሶ ወርዷል። የተላጠው ቦታ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ጠዋት በባትሪ ያየኋት መስመር ነበረች፣ አሁን የተራራ ጎን አክላ።