ዛሬ ምን ያዘሽ?

ቡድን መምራት ከጀመርኩ ወዲህ ማታ ማታ አጭር ማስታወሻ መያዝ ልማዴ ሆኗል። ማን ምን ጨረሰ፣ ማን ምን ላይ ቆመ፣ ማን ፊቱ ጠቁሮ ዋለ፣ በቃ ይኸው ነው። ሰሞኑን የቆዩትን ገጾች ሳገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ገጠመኝ። ባልደረቦቼ ነቃ ብለው የዋሉባቸው ቀናት ትልቅ ስብሰባ የተደረገባቸው ቀናት አይደሉም። አብዛኞቹ ሥራቸው ፈቀቅ ያለላቸው ቀናት ናቸው። ተቋጥሮ የቆየ ነገር የተፈታባቸው።

ይህን በሰፊው ያጠኑ ሰዎች አሉ። የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ቴሬሳ አማቢሌ እና ስቲቨን ክሬመር በ7 ኩባንያዎች የሚሠሩ 238 ሰዎች በየሥራ ቀኑ መጨረሻ ስለ ውሏቸው ማስታወሻ እንዲልኩላቸው ጠየቁ። ወደ 12,000 የሚጠጋ ማስታወሻ ተሰበሰበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያሳትሙ፣ ሰዎቹ ከሁሉ የተሻለ ስሜት ላይ ከዋሉባቸው ቀናት በ76 በመቶው ሥራቸው አንድ እርምጃ ተራምዶ እንደነበር ጻፉ። ትልቅ ድል ማለት አይደለም። አንድ ስህተት ተገኝቶ መታረሙ፣ ግራ ያጋባ ነገር መልስ ማግኘቱ ይበቃል።

እኔን ግን የበለጠ የከነከነኝ ሌላው ግኝት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ወደ 700 የሚጠጉ አለቆችን ሠራተኛን የሚያነሳሱ አምስት ነገሮች ሰጥተው በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጧቸው ጠየቋቸው። አለቆቹ ሥራው እንዲራመድ መርዳትን የመጨረሻው ቦታ ላይ አስቀመጡት። በየቀኑ ልናደርገው የምንችለውን፣ ምንም በጀት የማይጠይቀውን ነገር ከሁሉ በታች ነው የምናየው ማለት ነው።

ስለዚህ ጠዋት ላይ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ዛሬ ምን ያዘሽ? ምን ያዘህ?» ብዙ አለቃ «የት ደረሰ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ሪፖርት ያመጣል፤ ሰውየውም ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። «ደርሷል፣ እያለቀ ነው» ይልሃል፣ አንተም ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። ምን እንደያዘው ስትጠይቀው ግን ችግሩ የሁለታችሁ ይሆናል። አንዷ ባልደረባችን ከሌላ ክፍል የሚመጣ የሲስተም ፈቃድ ስትጠብቅ ቆይታለች። «ለዚህ ለዚህ አለቃ አላስቸግርም» ብላ ዝም ብላለች። ለእሷ ተደጋጋሚ ኢሜይል የሆነው ነገር ለእኔ አንድ ስልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፈቃዱ ተከፈተላት፤ ማታ የላከችልኝ ፋይል ሙሉ ነበር፣ ጭራሽ ያልጠየቅኳትን ሠንጠረዥ ጨምራበታለች። ማንም «በርቺ» አላላትም። እንቅፋቱ ተነሳላት፣ ሄደች።

ይህ ልማድ ግን ግዴታ ይዞ ይመጣል። ጠዋት የሰማሁትን ነገር ማታ መልስ ሳልሰጥበት አልወጣም። መልሱ «አልተሳካም፣ ነገ ደግሞ ከእነሱ አለቃ ጋር እነጋገራለሁ» ቢሆንም መልስ ነው። ጠይቆ ዝም የሚል አለቃ ጭራሽ ካልጠየቀው ይብሳል። ሰው አንዴ፣ ሁለቴ ይናገራል፤ ከዚያ «ምንም የለም፣ ሰላም ነው» ማለት ይጀምራል። «ሰላም ነው» የሚለው መልስ ከሁሉም ሰው አፍ በአንድ ጊዜ ሲወጣ እኔ እደነግጣለሁ።

በዚያው ጥናት ላይ ልብ ያልኩት ሌላም ነገር አለ። ሥራ ወደኋላ ሲመለስ ስሜት ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ ሥራ ወደፊት ሲሄድ ከሚሰጠው ደስታ ይበረታል። ይህ እውነት ከሆነ የመሪ የመጀመሪያ ሥራው ራሱ እንቅፋት አለመሆን ነው። የአንድ ሰው የሁለት ሳምንት ልፋት ፊርማ ሲጠብቅ ጠረጴዛ ላይ ማደር የለበትም። ለዚህ ብዬ ቀኔን በራሴ ሥራ አልጀምርም። ኢሜይሌን ከመክፈቴ በፊት የእኔን አስተያየት የሚጠብቅ ሰነድ ካለ እሱን አነባለሁ። የኔ ሥራ አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚዘገየው የኔ ብቻ ነው። የእነሱ ሲዘገይ ግን ቡድኑ በሙሉ ይቆማል።

ምስጋና ላይ ብዙ ተብሏል። እኔ የምለው አጭር ነው፤ ምስጋና ዝርዝር ይኑረው። «ጎበዝ ናችሁ» ከአንገት በላይ ይመስላል፣ ባይሆንም እንኳ። «ትናንት ለተቆጣው ደንበኛ የጻፍሽው መልስ ላይ መጀመሪያ ችግሩን አምነሽ መነሳትሽ ነገሩን አበረደው» ስትላት ግን ሥራዋን እንዳነበብክ ታውቃለች። ነገም እንደዚያው ትጽፋለች። ደግሞ ሁሉም ሰው ፊት መመስገን አይወድም። አንዳንዱ ሰው መሐል ሲነሳ መግቢያ ያጣል። ለእሱ በግል የተላከች ሁለት መስመር ትበልጥበታለች።

ከምስጋናው በላይ ግን የሥራቸው ፍሬ የት እንደደረሰ ማሳየት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አዳም ግራንት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን፣ በዚያ ገንዘብ የነጻ ትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አገናኟቸው። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ሠራተኞች ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚሰበስቡት ገንዘብም እንዲሁ። ደሞዝ አልተጨመረ፣ አለቃ አልተቆጣ። ድካማቸው ሰው ሆኖ ፊታቸው ቆመ፣ በቃ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ የሚመጣን ጥሩ ቃል ለራሴ አላስቀረውም። ሥራውን የሠራው ሰው ጋ በዚያው ቀን፣ ቃሉ ሳይቀየር፣ እንዲደርስ አደርጋለሁ።

አሁን ከሁሉ ከባዱ ላይ ደረስኩ። መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት እንቀበለዋለን? ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት መዝግበው ተገኙ። ነገሩ ሲጣራ፣ በእነዚያ ቡድኖች ሰው ስህተቱን ሳይፈራ ይናገራል። በሌሎቹ ይደበቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ቡድንም እንደዚያው ነው። ሰው መናገር አለመናገሩን የሚወስነው ደግሞ መመሪያ አይደለም። ባለፈው የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ሁሉም አይቷል። የአለቃው ፊት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምን እንደሚመስል ቢሮው በሙሉ ያነባል።

እኔ ለዚህ ጊዜ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር አለኝ። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። አሁን ምን ይደረግ?» ቀድሜ ማዘጋጀቴ ጠቅሞኛል፤ ሰው ሲደነግጥ የሚወጣው ቃል ሁሌ የሚያስበው አይደለም። ለምን ሆነ የሚለው ጥያቄ አይቀርም፣ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይመጣል። ይህ ልቅነት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሰው ስህተቱን በጊዜ ሲያመጣ ነው ጠንካራ ደረጃ ማስጠበቅ የሚቻለው።

ገንዘብን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ደሞዝ አነስ ካለ ወይም አድልዎ ካለበት ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ማታለል ይሆናል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት 203 መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረዋል። ሰውን የሚያስከፉት ነገሮችና የሚያረኩት ነገሮች የተለያዩ ሆነው ነው ያገኟቸው። ደሞዝና የድርጅቱ አሠራር ሲበላሹ ያስከፋሉ፤ የሚያረካው ሥራው ራሱና ሠርቶ ማሳካቱ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የደሞዝ ጥያቄ ላነሳ ሰው ምስጋና መስጠት ነውር ነው። ጥያቄውን ለሚመለከተው ማቅረብና መልሱን ይዞ መመለስ ነው ያለብን፣ መልሱ ደስ ባይልም።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አሉኝ። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ የምቀመጥበትን ሰዓት የበላይ አለቃ ካልጠራኝ በቀር አልሰርዝም። ማታ የመጣልኝን ሐሳብ እጽፈዋለሁ እንጂ ማታ አልልከውም፤ «ነገ ብትመልሺ ይደርሳል» ብዬ ብጽፍ እንኳ የአለቃ መልእክት እንቅልፍ እንደሚያውክ አውቃለሁ። አዲስ ሥራ ስሰጥ የትኛው የቆየ ሥራ እንደሚወርድ አብሬ እናገራለሁ።

እስካሁን በደንብ ያልፈታሁት የአንድ ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። ሥራው ሲስተሙ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ጥሩ ሲሠራ ምንም አይታይም። የሚጠናቀቅ ነገር የለውም፣ «ጨረስኩ» የሚልበት ቀን የለውም። ሥራ ሲራመድ ሰው ይነቃቃል የሚለው ለእሱ እንዴት ይሠራል? ባለፈው ለብቻችን ስንቀመጥ ይህንኑ ጥያቄ እሱን ራሱን ጠየቅኩት። ትንሽ አስቦ፣ በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚያስቸግረውን አንድ ብልሽት ከሥሩ የሚነቅልበት ጊዜ ቢያገኝ እንደሚወድ ነገረኝ። ያ ጊዜ የሌለው የሌላውን ሰው ጥሪ ሲመልስ ስለሚውል ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ሐሙስ ጠዋት ጥሪዎቹን ሌሎቻችን በየተራ እንድንቀበል ተስማምተናል። የመጀመሪያውን ሐሙስ እኔ ይዣለሁ። እሱም ቀድሞ የሚነቅለው ብልሽት የትኛው እንደሆነ መርጦ ልኮልኛል።