የሀጂ ሁለት ኩንታል ሽምብራ

እናቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል ትነግዳለች። እኔ ሳምንቱን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሚዛኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ስለ ቀጠናው የኢኮኖሚ ውህደት የማስበውም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ነው።

ከደንበኞቿ ሁሉ የምትኮራባቸው አንድ የሱዳን፣ የገዳሪፍ ከተማ ሰው ነበሩ። ሀጂ እንላቸዋለን። ረመዳን ሊገባ ሲል በመተማ ተሻግረው ይመጡና የደምቢያ ሽምብራ ይገዛሉ። ሱዳኖች ሽምብራን ከብከቤ ይሉታል። ቀቅለው በሊላ ያደርጉትና ማፍጠሪያ ላይ ይበሉታል። ሀጂ ሲገዙ ማየት ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ኬሻው ውስጥ ይሰዱና ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይሰብሯታል። የቀረውን እኛው ሱቅ በብርጭቆ ውኃ ዘፍዝፈውት ይሄዳሉ። ጠዋት መጥተው ያዩታል፤ በደንብ ካላበጠ አይነኩትም። እናቴ «አንቱ ሀጂ፣ ሚስት እንኳ እንዲህ አትመረጥ!» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ዋጋ ግን አይጨምሩም።

ግማሹን እጅ በእጅ ይከፍላሉ፣ ግማሹ ዱቤ ነው። ውል የለም፣ ባንክ የለም። እናቴ ደብተር ላይ አንድ ገጽ አላቸው፤ በቃ። ሸጠው ሲጨርሱ በሚያውቁት አይሱዙ ሹፌር በኩል ይልካሉ። አንድም ቀን አላጓደሉም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። ቄጤማችንን ግንባራችን ላይ አስረን እንሸጣለን። ገበያው በዶሮና በሽንኩርት ተጨናንቋል። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጫኝና አውራጅ ስልኩን እያየ «ካርቱም ተኩስ ተከፍቷል አሉ» አለ። እናቴ መጀመሪያ አልሰማችውም። ቆይታ «ሀጂስ?» አለች። የዘጠኝ ኩንታል ዱቤ ነበረባቸው፤ ሽምብራውን የሚያከፋፍሉትም እዚያው ካርቱም አጠገብ፣ ኦምዱርማን ነው። ስልካቸው አልሠራም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልሠራም።

ያኔ ነው ስለ ኮሜሳ፣ ስለ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ማንበብ የጀመርኩት። ኢትዮጵያ ኮሜሳ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናት። ነፃ የንግድ ቀጠናው በ1993 ዓ.ም. ሲጀመር ግን ከገቡት ዘጠኝ አገሮች አንዷ ሱዳን ነበረች፣ እኛ የለንበትም። ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ ለዓመታት ስንቀንስ የኖርነው ከቀረጡ 10 በመቶ ብቻ ነው። የእኛዋ መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት በአንዲት ድልድይ ነው የሚለያዩት፤ ከድልድዩ ወዲያ ቀጠናው ውስጥ፣ ወዲህ ከቀጠናው ውጪ ማለት ነው። ሀጂና እናቴ ይህን ቢሰሙ የሚስቁ ይመስለኛል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ኪጋሊ ላይ 44 አገሮች የአህጉሩን ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ፈረሙ። አገራችንም ፈርማለች፣ በዓመቱም አጽድቃለች። ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። እኛን ግን ያስቸገረን ቀረጥ ሆኖ አያውቅም።

ሚዛናችንን እዩት። ዲጂታል ነው፣ ቻይና የተሠራ። ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ እንጃ፤ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በመኪና ተጭኖ ጎንደር ገብቷል። ሲበላሽ በሳምንት ውስጥ ሌላ ይገኛል። በላዩ ላይ የምንመዝነው ሽምብራ ከቆላ ድባ አካባቢ የመጣ ነው። በመስከረም ዝናቡ ሲወጣ በመረሬ መሬት ላይ ተዘርቶ፣ በቀረው እርጥበት የበቀለ። ገዳሪፍ መድረስ ያቃተው እሱ ነው። ከጎንደር መተማ እኮ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው!

ዓለም አንድ መንደር ሆነች ሲሉ እሰማለሁ። ከሩቁ ጋር እውነት ነው። ከጎረቤት ጋር ግን ዛሬም በኬላ ነው የምንገናኘው። ድሮ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች፣ አሁን አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የነበሩት፣ ወደ ስናርና ወደ ምጽዋ ሲነግዱ በየኬላው እየከፈሉ ነበር የሚያልፉት። ቃሉም ሥራውም አልተለወጠም። አዘዞን አልፈህ፣ አይከልን ወጥተህ፣ ሸህዲ እስክትወርድ ስንቴ እንደምትቆም ሹፌር ጠይቅ። ያውም መንገዱ የተከፈተ ቀን ነው፤ ግጭት ሲኖር ጨርሶ ይዘጋል። በዚያው መስመር የሚሄድ፣ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቅ የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ኤሌክትሪክ ታድሏል፤ ውረድ፣ ፍታ፣ ደረሰኝ አምጣ አይባልም።

ሌላው ዶላር ነው። ሰሊጥ ላኪዎች ለዓመታት እዚህ በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ ሲሸጡ አይቻለሁ። አብደው አይደለም። ትርፉ ያለው በሚያገኙት ዶላር ከውጭ በሚያስገቡት ዕቃ ላይ ነበር። እንደዚህ ሲሆን የሱዳን ፓውንድ ይዞ የሚመጣን ጎረቤት ማን ይፈልገዋል? ፓፕስ የሚባል የአህጉሩ የክፍያ ሥርዓት በ2014 ዓ.ም. አክራ ላይ በይፋ ተጀምሯል። ናይጄሪያዊው በናይራ ከፍሎ ጋናዊው በሲዲ ይቀበላል፤ ዶላር መሃል አይገባም። ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው። ሀጂና እናቴ በደብተር ሲያደርጉት የኖሩት እኮ እሱኑ ነው። አንድ ቀን ብርና የሱዳን ፓውንድም እንዲህ ቢገናኙ ከአሥር የመሪዎች ጉባኤ አስበልጠዋለሁ። ጎረቤትህ ቤት እሳት ሲነሳ ግን የክፍያ ሥርዓት ምን ያደርጋል? ለዚህ መልስ የለኝም።

ተኩሱ ከተከፈተ ከሰባት ወር በኋላ አንድ የማናውቀው ልጅ ሱቃችን መጣ። ከሱዳን የተሻገረ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ብር አወጣ። የስድስት ኩንታል ሒሳብ ነበር። «የሦስቱን አላህ ሲያገራልን ብለዋል» አለ። እናቴ ሳትቆጥር መሶቡን አቀረበችለት። እኔ ቆጠርኩት፤ ልክ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ሀጂ ራሳቸው ደወሉ፣ ከፖርት ሱዳን። መስመሩ ይቆራረጣል። ስለ ሦስቱ ኩንታል ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ እናቴ አቋረጠቻቸው። የሽምብራ ዋጋ ጠየቁ። ነገረቻቸው። «ውድ ነው» አሉ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ጥሩውን መርጣ ሁለት ኩንታል እንድታስቀምጥላቸው ለመኗት።

በምን እንደሚሄድ እሳቸውም አልተናገሩ፣ እሷም አልጠየቀች። በብርጭቆ ዘፍዝፋ አሳድራ፣ ያበጠውን መርጣ፣ የኬሻዎቹን አፍ ሰፍታ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቅዳሜ ዕለት አንድ ደላላ ዓይቷቸው ጥሩ ዋጋ ጠራ። እኔ እናቴን አየኋት።

«የሰው ነው» አለችው።