በፓኒኒ ሕግ ቃል ስሠራ ምልክት ፊደሎቹን ለምን አላጠፋም

የጥንቱ ሕንዳዊ የሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ ስለ ሳንስክሪት ቋንቋ ያዘጋጀው «አሽታድያዪ» 4000 ገደማ አጫጭር ሕጎች አሉት፤ 8 ምዕራፍ ነው፣ እያንዳንዱም 4 ክፍል። ከመጀመሪያው ሕግ ተነስቶ በተርታ ማንበብ አያዋጣም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራምና። የሠራልኝ መንገድ አንድ ቃል ይዞ ከሥሩ እስከ መጨረሻው መሥራት ነው።

መጀመሪያ የሳንስክሪት ድምፆች የተደረደሩባቸውን 14 መስመሮች በቃሌ ያዝኩ። በየመስመሩ መጨረሻ የማይነበብ ምልክት ፊደል አለ። አንድን ድምፅ ከምልክት ፊደል ጋር ስናጋጥም በመካከል ያሉት ሁሉ በአንድ ስም ይጠራሉ፦ «ኢክ» ማለት ኢ፣ ኡና አናባቢ ሆነው የሚያገለግሉት ር እና ል፣ «የን» ማለት ይ፣ ቭ፣ ር፣ ል፣ «አች» ማለት አናባቢ በሙሉ። ሕግ 6.1.77 (ምዕራፍ 6፣ ክፍል 1፣ ሕግ 77) «ኢኮ የን አቺ» ግስ የለውም፤ ትርጉሙ ያለው በቃላቱ መድረሻ ላይ ነው። የአገናዛቢ መድረሻ (ኢኮ) «በእሱ ቦታ» ይላል፣ የቦታ መድረሻ (አቺ) «ከእሱ በፊት»። ስለዚህ ደድሂ (እርጎ) እና አትረ (እዚህ) ሲገናኙ ደድህየትረ ይሆናሉ። እኛ «በሬ»ን «በሬዎች» ስንል በመሀል ው እናስገባለን፤ ሳንስክሪት ግን ራሱን አናባቢውን ነው የሚለውጠው።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከ«ብሀቨቲ» (ይሆናል) ነው። ሥሩ «ብሁ» ነው፣ ኡው ረዝሞ የሚነበብ። ለአሁን ጊዜ «ለት» ይቀጠላል (3.2.123)፣ በ«ቲፕ» ይተካል (3.4.78)፣ በመሀል «ሸፕ» ይገባል (3.1.68)። ከሸፕ የሚነበበው አ ብቻ ስለሆነ ሽ እና ፕን ወዲያው ሰረዝኳቸው። ስህተት ነበር፤ ኡ ለምን ኦ እንደሚሆን የሚያስረዳ ምንም ነገር ወረቀቱ ላይ አልቀረም። ሽ ቅጥያውን «ሳርቨድሃቱከ» ያሰኘዋል (3.4.113)፣ ይህም የአንድ ዓይነት የግስ ቅጥያዎች ስም ነው፤ ኡን ወደ ኦ የሚያሳድገው 7.3.84 የሚፈልገው ይህንኑ ስም ነው። ከዚያ ኦ በአናባቢ ፊት አቭ ይሆናል (6.1.78)፣ ቃሉም ያልቃል።

የፕ ጥቅም የገባኝ «ቱደቲ» (ይመታል) ላይ ነው። የእሱ ቅጥያ «ሸ» ነው (3.1.77)፤ ሽ አለው፣ ፕ የለውም። ፕ የሌለው ሳርቨድሃቱከ የአናባቢ ዕድገትን የሚከለክል ምልክት እንዳለው ይቆጠራል (1.2.4፣ 1.1.5)፤ ስለዚህ «ቶደቲ» አይባልም። በጆሮ ሁለቱም ቅጥያዎች አንድ አ ናቸው። የሚለያቸው ማንም የማያነባት ፕ ናት።

አሁን ገጹን ለሦስት እከፍላለሁ፦ ቅርፁ ከነምልክቱ፣ የሕጉ ቁጥር፣ ሕጉን የጠራው ነገር። ምልክቶቹን እከባቸዋለሁ እንጂ አላጠፋቸውም።

8.2.1 ላይ ስደርስ ደግሞ በገጹ ላይ መስመር አሰምራለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሕጎች የሠሩት ለቀደሙት እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «ራጀን» (ንጉሥ) ላይ «ብሂስ» («በ…ዎች» የሚል መድረሻ) ሲቀጠል ን የሚወድቀው በ8.2.7 ነው። የተረፈውን «ራጀ» አይቶ፣ ከአ በኋላ «ብሂስ»ን በ«አይስ» ወደሚተካው 7.1.9 የተመለሰ ሰው «ራጃይህ» ብሎ ይጽፋል፤ ለ7.1.9 ግን ን ገና አልወደቀም፤ ትክክለኛው «ራጀብሂህ» ነው።