የማርጌሪት ሎንግ ጣቶች፦ ከፓሪስ እስከ ሴን ዣን ደ ሉዝ

ልጄ ፒያኖ መማር ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ቤታችን ያለው ፒያኖ የኤሌክትሪክ ነው። ጎረቤት እንዳይማረር በጆሮ ማዳመጫ ነው የምትለማመደው። ስለዚህ እኔ የምሰማው ሙዚቃውን ሳይሆን ጣቷን ነው። ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ። ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ አንዳንዴ የእኔ ቢላ ይሁን የሷ ጣት ይምታታብኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ተበሳጭታ መጣች። አስተማሪዋ ስለ አንዲት የጥንት ፒያኖ ተጫዋች አውርታላቸዋለች። ከሁሉ በፊት ጣት፣ ጣት፣ ጣት የምትል አስተማሪ ነበረች አሉ።

«አባዬ፣ ይቺ ሴትዮ ናት እንዴ ስኬል ያመጣችብን?»

ስሟ ማርጌሪት ሎንግ ነው። ስኬል፣ ማለትም ድምፆቹን በተራ ወደ ላይ ወደ ታች እየደጋገሙ መለማመዱን፣ ያመጣችው እሷ አይደለችም፤ ግን እንዳይረሳ አድርጋለች። ስለ ሴትዮዋ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። የበጋው ዕረፍት ሲደርስ ወዴት እንሂድ ተባለ። ሴን ዣን ደ ሉዝ አልኩ፤ ማርጌሪት አንድ በጋ ልትማር የሄደችባት የፈረንሳይ ከተማ ናት። ልጄ «ባሕር አለው?» አለች። አለው። በዚሁ ተስማማን።

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከቦርዶ በኋላ በመስኮት የሚታየው ጥድ ብቻ ነው። ጥድ፣ ጥድ፣ አሁንም ጥድ። ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የያዝኩትን ወረቀት አነበብኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ማርጌሪት በ1874 ኒም በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያ አስተማሪዋ ታላቅ እህቷ ክሌር ነበረች። ከዚያ ኮንሰርቫቷር የሚባለው የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። በ1891 ገና 17 ዓመት ሳይሞላት አንደኛ ሽልማት ወሰደች። በ1906 እዚያው በአስተማሪነት ተቀጠረች፤ ግን የጀማሪዎቹን ክፍል ነው የሰጧት። የከፍተኛውን ክፍል እስክትረከብ 14 ዓመት ፈጀባት። እስከ 1940 አስተማረች። እኔ ሰውዬ ሆኜ እንኳ በአንድ ወንበር ላይ 14 ዓመት መጠበቁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

በዚያው በ1906 አገባች። ባሏ ዦዜፍ ደ ማርሊያቭ ይባላል። የጦር መኮንን ነው፤ ከዚያም በላይ ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ አዋቂ ነበር። ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ። በ1914 ነሐሴ ላይ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ግንባር ላይ ተገደለ። ማርጌሪት ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከመድረክ ራቀች።

ደረስን። ቤቶቹ ነጭ ናቸው፣ እንጨታቸው በቀይ ቀለም ተቀብቷል። አገሩ የባስኮች ነው፤ ከስፔን ድንበር አጠገብ ነው። ባሕሩ በግንብ ስለታጠረ ውሃው ገራም ነው፤ ልጄ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አልታገሰችም።

ማረፊያችን ላይ ጉድ ጠበቀን። ከወር በፊት የከፈልንበትን፣ ባሕር የሚያሳየውን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ባለቤቲቱ ይቅርታ እያበዙ ምድር ቤት፣ ከሳሎኑ ጀርባ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል ከፈቱልን። መስኮቱ የሚያሳየው ቆሻሻ መጣያውን ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ልጄ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አሮጌ ፒያኖ አየች። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

በማግስቱ መጀመሪያ የታሰበኝ የ1917 በጋ ነው። ያኔ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ ካንሰር ይዞት ለማረፍ ወደዚች ከተማ መጥቶ ነበር። ማርጌሪት ሎንግም መጣች፤ ድርሰቶቹን ከራሱ ከደራሲው ልትማር። አስቡት። የ42 ዓመት ሴት ናት፣ ራሷ የኮንሰርቫቷር አስተማሪ ናት፣ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እንደ ተማሪ ኖታዋን ይዛ የታመመ ሰው ቤት ትመላለሳለች። ደቡሲ ደግሞ ፒያኖ ውስጡ መዶሻ እንዳለው ሰሚው እንዲረሳ የሚፈልግ ሰው ነበር። እሷ ጣት፣ እሱ ጭጋግ። እንዴት ተግባብተው ይሆን? ብቻ ተግባብተዋል። በዚያው መስከረም ደቡሲ በዚችው ከተማ የቫዮሊን ሶናታውን አጅቦ ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝብ ፊት አልቀረበም። በመጋቢት 1918 አረፈ።

ማርጌሪት በእርጅናዋ ስለ ደቡሲ፣ እንደሱ የሙዚቃ ደራሲ ስለነበሩት ስለ ፎሬና ስለ ራቬልም መጻሕፍት ጽፋለች። ሦስቱንም በቅርብ አውቃቸዋለች፤ ከፎሬ ጋር ግን ኋላ ላይ ተቀያይመው ነበር። እሷ ስትጽፍ ሦስቱም በሕይወት የሉም። «እንዲህ አላለችኝም፣ እንዲያ አላልኩም» የሚል የለም። ትንሽ ተመችቷታል ብል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሲቡር ተሻገርን። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ኒቬል የሚባል ወንዝ ብቻ ነው፤ በድልድይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወደቡ ዳር ከባስክ ቤቶቹ ለየት ያለ፣ ግንባሩ የድንጋይ የሆነ ቤት አለ። ሞሪስ ራቬል በ1875 የተወለደው እዚያ ነው። እናቱ የባስክ ሴት ነበረች። ሦስት ወር ሲሆነው ወደ ፓሪስ ወሰዱት፤ ግን ካደገ በኋላ በየጊዜው እየተመለሰ እዚህ ይከርም ነበር።

በቤቱ ትይዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለልጄ የነገርኳት እዚያ ነው።

ራቬል በጦርነቱ ጊዜ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ዘምቷል። በዚያው ሰሞን «የኩፕራን ቶምቦ» የሚባል ስድስት ክፍል ያለው የፒያኖ ድርሰት ጻፈ። ኩፕራን የድሮ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ቶምቦ ማለት መቃብር ነው። የድሮ ፈረንሳዮች ግን ለሞተ ሰው የሚደረስን ሙዚቃም እንዲሁ ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል በጦርነቱ ለሞተ ወዳጅ መታሰቢያ ነው። ሦስተኛው የዚችው የሴን ዣን ደ ሉዝ ልጅ ለሆነው ሠዓሊ ለጋብሪየል ደሉክ ነው። አራተኛው ለፒየርና ለፓስካል ጎዳን፤ እነሱም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው፣ ወንድማማቾች፣ አንድ የመድፍ ጥይት አንድ ላይ የጨረሳቸው። ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ቶካታ የሚባለው፣ ለዦዜፍ ደ ማርሊያቭ።

«የሷ ባል?»

የሷ ባል።

ነገሩ ሙሾ ነው እንዳልል ሙሾ አይመስልም። ውስጡ ጭፈራ ነው፤ ፎርላን፣ ሪጎዶን፣ ሜኑዌት፣ ሁሉም የድሮ ዳንሶች ናቸው። ፈረንጆቹ በዚህ ይገረማሉ። እኔ አልገረመኝም። እኛ አገር ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሃል ይወጣ የለ? ይፎከር የለ? የሚገርመኝ ሌላው ነው። እኛ ዘንድ ባለ ሐዘኗ ታለቅሳለች፣ ግጥሙን የምታወርደው ግን አልቃሿ ናት። ሁለቱ ሥራ አይደባለቅም። ሚያዝያ 11 ቀን 1919 ፓሪስ፣ ጋቮ አዳራሽ፣ ይህን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የተጫወተችው ራሷ ማርጌሪት ሎንግ ናት። ባለ ሐዘኗም አልቃሿም እሷ ሆነች።

ቶካታው ደግሞ ለማልቀስ የሚመች አይደለም። አንዱን ቁልፍ ሁለቱ እጆች እየተቀባበሉ ይመቱታል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ በከፍተኛ ፍጥነት። አንዱ እጅ ሳይነሳ ሌላው ይደርሳል። አንዲት ጣት ከዘገየች ሁሉም ይፈርሳል። ዓይን እንባ ቢያቀር ማን ይጠርገዋል? እጅ የለም። ልጄ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና የወንበሩን እንጨት በሁለት እጇ መምታት ጀመረች። ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ። አጠገባችን የተቀመጡት አሮጊት ዞር ብለው አዩንና ፈገግ አሉ።

ስለ ማርጌሪት የሚነገረው ሁሉ ምስጋና አይደለም። ትምህርቷ ጣት ላይ በዝቶ ክንድና ትከሻን ረሳ የሚሉ አሉ። አጨዋወቷ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ፈረንሳዮቹ እንደ ሉል ይሉታል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተለቅሞ የተሰካ ዶቃ ይመስላል። ራቬልም ፒያኖ ኮንቼርቶውን የሰጠው ለሷ ነው። ጥር 14 ቀን 1932 ፕሌየል አዳራሽ እሱ ኦርኬስትራውን እየመራ ተጫወተችው፤ ከዚያ ይዘውት አውሮፓን ዞሩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ፒያኖው ለረጅም ጊዜ ብቻውን የሚሄድበት ዜማ አለ። እንደ ውሃ ሳይቋረጥ ይፈሳል። እሷ ግን ያ ዜማ መከራዋን አሳይቷት ነበር። በ1943 ደግሞ፣ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ እያለች፣ ከቫዮሊኒስቱ ዣክ ቲቦ ጋር የሙዚቃ ውድድር አቋቋመች፤ ውድድሩ ዛሬም አለ። በ1966 አረፈች።

ማታ ቤተ ክርስቲያኑን አየነው። ሉዊ 14ኛ በ1660 ያገባበት ነው። ንጉሡ የወጣበት በር ከሠርጉ በኋላ በግንብ ተደፍኗል። ልጄ ከበሩ ይልቅ ከጣሪያው የተንጠለጠለችውን መርከብ ወደደች። እኔ እግሬን አሞኝ ነበር።

ማረፊያችን ስንመለስ ባለቤቲቱን አስፈቀድንና የፒያኖውን ክዳን ከፈትን። ሽታው የጨውና የእርጥብ እንጨት ነው። ልጄ ቶካታውን አትችልም፣ ገና ብዙ ይቀራታል፤ መጀመሪያው ላይ ያለችውን አንዷን ድምፅ ብቻ መሞከር ፈለገች። ሚ ነች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ አራተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ። እንደገና። እንደገና ጠፋ።

አጎነበስኩና አየሁ። የባሕሩ እርጥበት እንጨቱን አሳብጦታል፣ የተጫነው ቁልፍ አይመለስም። ኮንሰርት ላይ ያለው ትልቁ ፒያኖ ቁልፉ ጨርሶ ሳይነሳ ደግሞ እንዲመታ የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ኤራር የሚባል ፈረንሳዊ ፋብሪካ ነው በ1821 ያወጣው። ግድግዳ የሚደገፈው ግን ይህ የለውም፤ ቁልፉ ከፍ እስኪል መጠበቅ ግድ ነው። ይሄኛው ጭራሽ አይነሳም።

«ጥፋቱ የፒያኖው ነው» አለች።

«ግማሹ» አልኳት።

ልጄ አልተወችውም። አንድ ጊዜ ትመታለች፣ ከዚያ በጥፍሯ ቁልፉን ከሥር ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች፣ ደግማ ትመታለች። ሚ። ማንሳት። ሚ። ማንሳት። ባለቤቲቱ ሻይ ይዘውልን መጡና በሩ ላይ ቆሙ።