ጎንደር ተምሮ ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ሕክምና ባለሙያ) መሆን፦ የማን ዕውቅና?

«ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና አለው» እና «ፕሮግራሙ ዕውቅና አለው» ለየቅል ናቸው። ጎንደር ሥነ ምግብ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። አገር ውስጥ ጉዳዩ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። አሜሪካ በዳይቲሺያንነት ለመመዝገብ ግን አሴንድ የተባለው ዕውቅና ሰጪ አካል ፕሮግራሙን ለብቻው ይመዝናል፤ የተቋሙ ስም ብቻውን አይበቃም።

አሴንድ ፕሮግራሙ ራሱን የገመገመበትን ሰነድ ያነብባል፣ ገምጋሚዎች ይልካል። የመመዝገቢያ ፈተናውን ከወሰዱ ተመራቂዎችም ቢያንስ 80 በመቶው ከመጀመሪያ ሙከራቸው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያልፉ ይጠብቃል። ተማሪው ቢያንስ 1,000 ሰዓት በክትትል ሥር ይለማመዳል። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለፈተናው ማስተርስም ግድ ነው፤ የባችለር ዲግሪ ብቻ ይዞ መቀመጥ ቀርቷል።

ነገር የሚበላሸው ወረቀቱ ላይ ነው። እንደ ጎንደሩ ያለ ለአሜሪካ የውጭ የሆነ ዲግሪ ኮርስ በኮርስ ሲመዘን ትራንስክሪፕቱ የሚያሳየው ርዕስና ነጥብ ብቻ ነው። «ክሊኒካል ኑትሪሽን» የሚለው ርዕስ ውስጥ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም አመጋገብ መኖሩን ገምጋሚው ከርዕሱ አያውቅም። ስለዚህ ከመመረቃችሁ በፊት የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከትምህርት ክፍሉ ውሰዱ። መምህር ሲቀየር፣ ሥርዓተ ትምህርት ሲከለስ አሮጌውን ማግኘት ከባድ ነው። የሆስፒታል ልምምዱንም ቀን፣ ክፍልና ሰዓት ጽፋችሁ በየሳምንቱ አስፈርሙ፤ «ሦስት ወር ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ሰዓት አይቆጥርም። የጾም ወቅት የስኳር ሕሙማን ምክር የሰጣችሁበትም ይመዝገብ።