ቡቺ ቄጤማው ላይ የሸና ዕለት

የገና ዕለት ነው። እማዬ ቄጤማ ጎዝጉዛ ቡና አቅርባለች፤ የዕድር ጓደኞቿ ረከቦቱን ከበው ተቀምጠዋል። የ4 ወር ቡችላችን ቡቺ (ስሙን ያወጣለት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ሦስት ቡቺ አለ) በተከፈተው በር ዘው አለ፣ ቄጤማውን አሸተተ፣ ዞር ዞር ብሎ በሴቶቹ መሀል ቁጢጥ አለና ሸና። እማዬ «ውይ፣ አዋረደኝ! አውጡልኝ ይሄን!» ብላ ጮኸች። እኔም እየጎተትኩ አውጥቼ በነጠላ ጫማ ሁለቴ አቀመስኩት።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ሣር ላይ ሽና» ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ ሣር ያለው ቧንቧው ሥር፣ ምንጣፍ በምታክል ቦታ ላይ ብቻ ነው። በየጠዋቱ እዚያ እየወሰድኩ፣ ሲሸና «ጎበዝ!» ብዬ ቁራጭ ሥጋ እሰጠው ነበር። ቡችላ ደግሞ ግቢና ሳሎን ብሎ አይለይም፤ የሚለምደው እግሩ ሥር የሚሰማውን ነው። እርጥብ ሣር ረገጠ፣ ሸና። የተመታው ትምህርቱን በደንብ ስላጠና ነው።

ነጠላ ጫማው ያስተማረው እኔ ፊት አለመሽናትን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጭ አውጥቼው ግማሽ ሰዓት ብቆም ያፈጥብኛል፤ ስንገባ ሄዶ ሶፋው ጀርባ ይለቀዋል። ያን ለማስረሳት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው አወጣዋለሁ፤ ሲሸና እዚያው አመሰግነዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ካመለጠው ዝም ብዬ አጸዳለሁ። የሶፋውን ጀርባ በአቼቶ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ ይመጣልና። በዚያ ዕድሜ ቀን ላይ ቢበዛ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው መያዝ የሚችለው። ከሥራ እስክመለስ ይጠብቀኝ ማለቴ ራሱ ግፍ ነበር።

ስለዚህ ቀን ላይ ሌላ ሰው ሊያወጣው ግድ ሆነ። ጉዱ የታየው ያኔ ነው። ሶፋ ላይ ሲወጣ አባዬ «ውረድ» ይላል፣ ወንድሜ «ኖ!»፣ የምታግዘን ልጅ «ሂድ ወዲያ!»፣ እማዬ ደግሞ «ተው እንጂ ልጄ» እያለች ታሻሸዋለች። ቡቺ የቱን ይስማ? ቅዳሜ ምሳ ላይ ሰብስቤያቸው አራት ቃል ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ፦ ና፣ ቁጭ፣ ተው፣ ውረድ። አባዬ «ለውሻ ስብሰባ ተጠርቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ከሁላችንም አጥብቆ የያዘው ግን እሱ ሆነ።

ንክሻውን ማስተው ቀላል ነበር። ከ4ኛው ወር ጀምሮ 28ቱ የወተት ጥርሶች እየወለቁ 42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ ድዱ ይበላዋል። የእማዬን የነጠላ ጥለት ሲነክስ እሷ ትስባለች፤ ለእሱ ጨዋታ ነው። መሳብ ትታ ተነስታ እንድትሄድ ነገርኳት፤ እርጥብ ጨርቅ ቋጥሬም በማቀዝቀዣ አቀዝቅዤ ሰጠሁት። በሳምንት ውስጥ ጥለቱን ተወው።

ያልተፈታው ጉርሻው ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ይህን ለእማዬ ባስረዳት «ስንቱን ውሻ ፍርፋሪ አብልቼ አሳድጌያለሁ!» አለችኝ። ለወጉ ተስማማን፦ ወጥ ያልነካው ምግብ፣ በራሱ ሳህን፣ እኛ ከበላን በኋላ። አንድ ሰው አንዴ ከገበታ ከሰጠው ግን ልመናው ይብሳል፤ በሚቀጥለው ቀን ማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ የሁላችንንም እጅ ሲጠብቅ ይውላል።

ለፋሲካ ቄጤማው ከመጎዝጎዙ በፊት አውጥቼ አሸናሁት፤ ከዚያ በማሰሪያው ይዤ እግሬ ሥር «ቁጭ» አልኩት። በረካው እስኪጠጣ ንቅንቅ አላለም። እርግጥ እማዬ በየመሀሉ ፈንዲሻ ጣል ስታደርግለት አይቻታለሁ።